ያልነካሁት እርግብግቢት

እኛ ዘንድ ሕፃን ልጅ አናቱ ላይ ቅቤ ይቀባል። አጥንቱ ገና ያልገጠመባት፣ ጣት ሲያሳርፉባት ትር ትር የምትል ለስላሳ ቦታ አለች፤ እርግብግቢት እንላታለን። እናቶች ይህቺን ቦታ አያምኗትም። ብርድ ይገባባታል ይላሉ፤ ስለዚህ ቶሎ እንድትሞላና እንድትጠነክር ጠዋት ማታ ቅቤ ያለብሷታል። ኮምቦልቻ ሙቀት ስለሆነ ቅቤው ቀልጦ ጆሮ ድረስ ይወርዳል። እኔ በዚህች ከተማ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የማይ ነርስ ነኝ። በቀን ስንት ቅቤ የለበሰ ራስ ፊቴ እንደሚቀርብ ቆጥሬ አላውቅም።

ያኔ ቅቤውን አልወደውም ነበር። ለልጆቹ ጤና አስቤ አይደለም፤ ለመዝገቤ ብዬ ነው። ራስ የነካ እጅ እስክሪብቶ ይይዛል፣ እስክሪብቶው ያሟልጫል፣ ገጹ ላይ የጣት ቅባት ይቀራል፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ገጹን ወደ መስኮቱ አንስቶ ያሳየኛል። እኔ ደግሞ ንጹሕ መዝገብ ያላት መባል ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያናድደኛል፤ ያኔ ግን ኩራቴ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አንዲት ወጣት እናት የስድስት ወር ወንድ ልጅ ታቅፋ ገባች። እዚያው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ ናት፤ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ከኋላዋ እናቷ ተከትለዋታል፤ የልጅ ልጃቸውን ለመጠየቅ ከቢስቲማ የመጡ፣ ሻሻቸውን በጥንቃቄ የጠመጠሙ፣ ከልጃቸው ቀድመው የሚናገሩ ሴት። ልጁን ካለፈው ቀን ጀምሮ ያተኩሰዋል፣ ጡት እየያዘ ይለቃል፣ ሁለት ጊዜ አስመልሶታል።

የክትባት ካርዱን ጠየቅኩ። የስድስተኛው ሳምንት ተሞልቷል፤ የአሥረኛውና የአሥራ አራተኛው ቦታ ባዶ ነው።

«ምነው ተቋረጠ?» አልኩ።

«አራስ ሆና እኔ ዘንድ ነበረች» አሉ አያት። «የመጀመሪያውን ተወጋና አተኮሰው፤ ወላሂ እኔ ነኝ የታመምኩት። ይበቃዋል አልኩ።»

ከክትባት በኋላ ትንሽ ማተኮስ ያለ ነገር እንደሆነ፣ የቀሩት መርፌዎች ማጅራት ገትር ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች ዋና ዋናዎቹን እንደሚከላከሉ፣ አንዱን ወስዶ ሁለቱን መተው ጎጆ ከድኖ በር እንደ መርሳት መሆኑን ነገርኳቸው። ነገርኳቸው ማለት ተቆጣኋቸው። መቆጣት ይቀለኛል፤ እጅ አያስነካም።

«አትቆጪ ልጄ» አሉ አያት ፈገግ ብለው። «ይልቅ እይው፤ እርግብግቢቱ ሞልቶለታል፣ አልሃምዱሊላህ። ሰሞኑን ጎድጎድ ብሎ ነበር። ቅቤው ሠራ።»

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ወሎ ውስጥ ግን ማሻ አላህ የሁላችንም ነው። «ማሻ አላህ» አልኩ። ራሱን ግን አልነካሁም።

ሙቀቱን ለካሁ። የወባ ምርመራ አዘዝኩ፤ ነጻ ሆነ። በሽታው በእኛ ቋንቋ ስሙ ራሱ ማጅራት ገትር ስለሆነ ሁላችንም ማጅራት ላይ እናፈጣለን፤ እኔም የልጁን አንገት ወደ ደረቱ አጠፍኩት፤ እንደ ልብ ታጠፈልኝ። በትንንሽ ልጆች አንገት ላይገተር እንደሚችል ተምሬያለሁ፤ ፈተና ላይ ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ። እነሱ ላይ ምልክቱ የሚፈለገው አናት ላይ ነው፤ ጡት እምቢ ማለታቸው ላይ ነው፤ ሲታቀፉ ዝም በማለት ፋንታ ይበልጥ መጮሃቸው ላይ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ የትኩሳት ማብረጃ ሽሮፕ ሰጠሁና «ካልተሻለው ነገ አምጡት» አልኩ። መዝገቡ ላይ በሚያምር ጽሕፈት ጉንፋን ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ክፍሌን ስከፍት በር ላይ ነበሩ። የልጁ ለቅሶ ቀጥኗል፤ ይጀምርና አይቆምም።

«ሳቅፈው ይብስበታል፣ ሲስተር» አለች እናቱ። «ሳስተኛው ነው ዝም የሚለው። ምን አድርጌው ነው?»

ልጁ ዝም እስኪል ጠብቄ ቀና አድርጌ ያዝኩትና ጣቴን ቅቤው ውስጥ አሳረፍኩ። አያት እውነታቸውን ነበር፤ ቦታዋ ሞልታለች። ኩፍ እንዳለ ሊጥ ወደ ላይ ተነስታለች፣ ስጫናት ጣቴን ትመልሳለች። የሞላት ግን ቅቤ አይደለም፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ግፊት ነው ከታች የገፋት።

የመጀመሪያውን የፀረ ባክቴሪያ መርፌ ወጋሁትና ወደ ደሴ ሪፈር ጻፍኩ። አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ይዞ ወጥቶ ስለነበር ሚኒባስ ያዝን። እኔም አብሬ ተሳፈርኩ፤ ማንም አላዘዘኝም። ወደ ደሴ በሚወጣው ዳገት ላይ አያት ዱአ ያደርጋሉ፤ በየመሃሉ ወደ እኔ ዞር ብለው «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አለ» ይሉኛል። የሚያጽናኑት እኔን ነው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ደሴ ሆስፒታል ውስጥ የተቀበለን ወጣት ዶክተር ልጁን አይቶ ብዙም አልቆየም። ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ በሁለት አጥንቶች መሃል በቀጭን መርፌ ጥቂት ጠብታ ውሃ መውሰድ እንዳለበት ተናገረ። በሽታው ማጅራት ገትር መሆኑን፣ የትኛው ተሕዋስ እንዳመጣው፣ የትኛው መድኃኒት ለስንት ቀን እንደሚሰጥ የሚነግራቸው ያ ውሃ ነው።

አያት ከወንበራቸው ተነሱ። «የጀርባ ውሃ? የጀርባ ውሃው የተቀዳ ልጅ ቆሞ ሲሄድ አላየሁም። ወላሂ አይሆንም! መርፌውን ክንዱ ላይ ውጉት፣ ጀርባውን ተዉት።»

ዶክተሩ መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰሩ ካለቀ በኋላ ባለው ቦታ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳ። እናት እናቷን አየች። አያት እኔን አዩ።

«ሲስተር ትንገራችሁ» አሉ። «እሷ ታውቀዋለች። ትናንት አይታው ደህና ነው ብላናለች። እርግብግቢቱንም ማሻ አላህ ብላለታለች። በአንድ ቀን ምን መጣ?»

የልጁ ሕክምና እኔ አንድ ቀን አስቀድሜ በተናገርኩት ቃል ላይ ቆሞ ቀረ። ዝም ብል ዶክተሩ በግምት ሊያክመው ነው፤ ብናገር ደግሞ የምናገረው በራሴ ላይ ነው።

«እማማ፣ ትናንት አልነካሁትም» አልኩ።

«ምኑን?»

«ራሱን። እጄን ቅቤ እንዳይነካው ብዬ ነው። እርስዎ ሞላ ሲሉኝ እንዳየ ሰው ማሻ አላህ አልኩ። የሞላው በበሽታው ነው። ነክቼው ቢሆን ትናንት እዚህ ነበርን።»

ዶክተሩ ወለሉን አየ። አያት ግን እኔን ማየታቸውን አላቆሙም።

«ታዲያ ዛሬስ በምን ልመንሽ?» አሉ።

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

«እኔ ነኝ የምፈርመው» አለች ልጃቸው። ከሐሙስ ጀምሮ ድምፅዋ ከፍ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወረቀቱን ከዶክተሩ እጅ ተቀብላ ፈረመች። እናቷንም አላየችም፣ እኔንም አላየችም።

ጉልበቱን ወደ ሆዱ፣ አገጩን ወደ ደረቱ አጥፌ ልጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ያ ውሃ ጤነኛ ሲሆን የጠራ ነው። የእሱ እንደ ሩዝ ቅቅል ውሃ ደፍርሶ ነው ጠብ ያለው። ላቦራቶሪው ባክቴሪያ መሆኑን አረጋገጠ፤ መድኃኒቱም ተስተካከለ። ከቀናት በኋላ ትኩሳቱ ወረደ፣ ጡትም ያዘ። አያት በየጠዋቱ ብርድ ልብሱን ገልጠው እግሮቹን ይፈትሻሉ፤ ሲራገጥባቸው ለክፍሉ ሁሉ ያበስራሉ። እኔ በዚያው ሰሞን ራስ ሳልነካ ልጅ ማሳለፍ አቆምኩ። መዝገቤ ቅባት ጠጣ፤ ተቆጣጣሪው ሲያጉረመርም እሰማዋለሁ፣ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ልጁ ከሆስፒታል ወጥቶ ለክትትል ደሴ በተመለሰ ቀን የእረፍት ቀኔ ስለነበር አብሬያቸው ሄድኩ። ዶክተሩ ከልጁ ጀርባ ቆሞ የቁልፍ ዘለላ አቃጨለ። ልጁ የእናቱን ሻርፕ ጫፍ ያኝካል። ዶክተሩ አጨበጨበ። ልጁ ማኘኩን ቀጠለ። በሽታው አንዳንዴ ነፍስ ትቶ ጆሮ እንደሚወስድ፣ በመሣሪያም እንደሚመረመር ዶክተሩ ቀስ ብሎ ነገራቸው።

«ቆሞ ይሄዳል ግን?» አሉ አያት።

«ይሄዳል፣ እናቴ።»

ኮሪደሩ ላይ እናቱ ወደ እኔ ቀረብ አለች። «ሐሙስ ልከሽን ቢሆን ይሰማ ነበር?»

«አላውቅም» አልኩ። «ሊሰማ ይችል ነበር።»

ራሷን ነቀነቀችና ልጁን አዘለችው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የቀሩትን ክትባቶች ልታስወጋው ጤና ጣቢያችን መጣች፤ ማንም ሳይጎትታት፣ ካርዱን በፕላስቲክ ጠቅልላ። ክፍላችን ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ አለ። የባልደረባዬ ወረፋ በሩን አልፎ ወጥቷል፤ እኔ ፊት ማንም አልነበረም። በአክብሮት ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወጥታ በባልደረባዬ ወረፋ መጨረሻ ላይ ቆመች።