ኤሱማ ከረባት አስረው የጠበቁት ስብሰባ

የእናቴ ወንድም ነበሩ፤ እንደ አገራችን ወግ በኦሮምኛ «ኤሱማ» እላቸው ነበር። ጉደር ውስጥ ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖሩ። ጥቁሩ የመረሬ አፈር በስንዴ ሥር ዙሪያ ውሃ እንዴት እንደሚይዝ ለማየት የኒውትሮን ጨረር ይፈልጉ ነበር። ጨረሩን የሚያመነጨው ትልቅ ማሽን ያለው ባሕር ማዶ ነው፤ ወጪውን አንድ አገር ብቻውን ስለማይችለው ብዙ አገሮች ተጋግዘው ያንቀሳቅሱታል። ኤሱማም በማሽኑ ከሚሠሩት ተመራማሪዎች ጋር በኢንተርኔት ይሰበሰቡ ነበር። ለዚያ ስብሰባ፣ በገዛ ሳሎናቸው እንኳ፣ ኮት ሳይለብሱና ከረባት ሳያስሩ ተቀምጠው አያውቁም።

ያረጀው ማሽን ይቀጥል ወይስ ይዘጋ ተብሎ በሚመከርበት ቀን ኢንተርኔት በአካባቢያችን ሁሉ ተቋረጠ። እሳቸው ግን ከላፕቶፑ ፊት አልተነሡም።

«ኤሱማ፣ ምሳ ቀርቧል። ኢንተርኔቱ ዛሬ የሚመለስ አይመስለኝም» አልኳቸው።

«ቆዪ ልጄ፣ ምናልባት ቢመለስ። እኛ የምናዋጣው ሌላ ነገር የለንም፤ መገኘት ብቻ ነው» አሉኝ።

እስኪመሽ ጠበቁ። መስመሩ በስንት ጊዜው ሲመለስ፣ አገሮቹ ባለመስማማታቸው ማሽኑ እንዲዘጋ መወሰኑን ሰማን። ኤሱማ ላፕቶፑን ዘግተው ከረባታቸውን ፈቱ። በዚያው ክረምት ታመው አረፉ። እኔ ነርስ ነኝ፤ አጠገባቸው ሆኜም ምንም ላደርግላቸው አልቻልኩም።

ሰሞኑን አንድ የውጭ አገር ባልደረባቸው ደወለልኝ። አዲስ ማሽን በጋራ ለመሥራት ንግግር መጀመሩን ነገረኝና፣ «በእሳቸው ቦታ ማንን እንጥራ?» ብሎ ጠየቀኝ። የምጠራለት ስም አልነበረኝም። ቢሆንም ስብሰባው መቼ እንደሆነ ጠየቅኩትና ቀኑን ጻፍኩ።