ያስዋጥኋት ትንፋሽ

እፎይ የሚል ሰው ሸክሙን አውርዷል። ሐሙሲት ገበያ ውሎ ደብረ ታቦር ቤቱ የገባ ነጋዴ እፎይ ሲል ደስ ይላል። የእናቴ ትንፋሽ ግን ሌላ ነበር፤ "እህህ" ብሎ ከሆዷ ይነሣና ረዝሞ ረዝሞ ቤቱን ያቀዘቅዘዋል። ዛሬም የምኖረው እዚያው ቤት ነው። እሷ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል፤ ምስር ልለቅም በተቀመጥሁ ቁጥር ግን ከኋላዬ አንድ ሰው ትንፋሹን የያዘ ይመስለኛል። ዞሬ አያለሁ። እፈራለሁም።

ይህ ትንፋሽ የጀመራት ታላቅ ወንድሜ ወደ ሰሜን ዘምቶ ደብዳቤው ከተቋረጠ በኋላ ነው። መርዶ አልመጣም። መርዶ ሳይመጣ ደግሞ በእኛ አገር አይለቀስም፣ ጥቁር አይለበስም፣ ተዝካር አይወጣም። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው። ስለዚህ እናቴ ምስር እየለቀመች ትተነፍሳለች፤ ለትንፋሽ ማን ሕግ ያወጣል?

እኔ አወጣሁ። ያን ጊዜ ገና በመምህርነት መቀጠሬ ነበር፤ ብዙ የማውቅ መስሎኝ ምላሴ ሾሏል። አንድ ቀን ጎረቤት በተቀመጠበት "እህህ" ስትል ንዴቴ ገነፈለ።

"እማየ፣ ተይ እንጂ፤ አንቺ ነሽ እኮ የምታሟርቺበት" አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ከዚያ ወዲያ ትንፋሿ ከግማሽ መንገድ ይመለስ ጀመር። ደረቷ ከፍ ይላል፣ እጇ ነጠላዋን ወደ አፏ ይወስዳል፣ ከዚያ ዝም። አባቴ ተጽናናች ብሎ ለሰው ሁሉ አወራ። እኔም በራሴ ኮራሁ።

መርዶው የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎችና የነፍስ አባታችን ግቢያችን ገቡ፤ በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። ወንድሜ የወደቀው ገና ደብዳቤው በተቋረጠ ሰሞን መሆኑን ነገሩን። አባቴ መሬት ላይ ተዘረረ፤ ጎረቤቱ ጮኸ። እኔ ግን ቀኑን ወደ ኋላ ቆጠርሁ። ታሟርቺበታለሽ ስላት ልጇ ከሞተ ቆይቷል። ለካ ያ ሁሉ ትንፋሽ ልቅሶው ነበር፤ የከለከልኋትም እኔ ነኝ።

እናቴ አልጮኸችም። ነጠላዋን ከአፏ አወረደችና ወደ እኔ ዞረች።

"ልጄ፣ አሁንስ ልተንፍስ?" አለችኝ።