የየኔታ ታፈረ እንግሊዝኛ

ስለ የኔታ ታፈረ ሰው ሲጠይቀኝ «ደህና ናቸው» እላለሁ። ንፋስ መውጫ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ዕቃ ቤቱን ይጠብቃሉ፤ ጠዋት ከፍተው ማታ ይዘጋሉ። ይህ ደህና ካልተባለ ምን ይባላል? ድሮ ስማቸው ሲነሣ ወሬ እቀይር ነበር። አሁን ምንም አይለኝም።

ሰውየው የእኛው አገር የድጓ ቤት፣ የቤተ ልሔም ልጅ ናቸው። ድጓውን እዚያው፣ ቅኔውን ጎጃም ተሻግረው ተምረው፣ ኋላ አዲስ አበባ ሄደው በማታ ትምህርት እንግሊዝኛ ለቀሙ። በ1957 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ እንዲያስተምሩን በጊዜያዊነት ተቀጠሩ። ሌላውን አስተማሪ «ሚስተር» እንላለን፤ እሳቸውን ግን ከነጥምጥማቸው ሲገቡ ስናይ «የኔታ» አልናቸው፣ በዚያው ጸና። ዓመቱ ሲያልቅ ተቆጣጣሪ አይቶ ካመነባቸው ቋሚ ይሆናሉ፤ ካላመነባቸው ከክፍል ይወጣሉ። ይህን እኛም እናውቅ ነበር።

የእንግሊዝኛውን ግጥም ያስተማሩን በቅኔ ቤት ሥርዓት ነው። «ድንቄም እንግሊዝኛ!» አለች እናቴ ስትሰማ። ጠዋት አጥር ለአጥር በትነው ያስቀምጡንና «ቁጠሩ» ይሉናል። መቁጠር ማለት ለብቻ ተቀምጦ የራስን ግጥም መፍጠር ነው። ከሰዓት በኋላ ፊታቸው ቆመን የፈጠርነውን በእንግሊዝኛ እንናገራለን፣ ያርማሉ። «ቆንጆ ነው» ያለ ወዮለት! «ቆንጆውን ተወው! ዓይንህ ምን አየ?» ይላሉ። አንድ ቀን እኔ፣ የአገራችን ንፋስ የነጠላ ሌባ ነው፣ እናቴ በጥርሷ ነክሳ ታስጥለዋለች አልኩ፤ እንግሊዝኛው ስብርብር ያለ ነበር። የኔታ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ይበል! ይበል!» አሉ። ስህተቱን ያረሙልኝ ቆይተው ነው።

ሕጋቸው አንድ ነበር፤ ሌላ ሰው ያለውን መድገም የለም። በቅኔ ቤት የሰው ቅኔ ይዞ የሚነሣ ሌባ ነው። የመጽሐፉን ግጥሞች አብረን እናነባለን፣ እንፈታለን፣ ከዚያ መጽሐፉ ይከደናል። በቃላችን ይገባል፤ በአፋችን ግን አይወጣም።

ግንቦት ላይ ተቆጣጣሪው መጣ። ከኋላ ተቀምጦ ጥቂት አዳመጠና መጽሐፉን ገልጦ ስለ መርከብ የሚያወራውን ግጥም አገኘ። «ይህን በቃሉ የሚል ማን ነው?» አለ። ዝም። ወይ ጉድ፣ አርባ ልጅ ዝም! ሁላችንም እናውቀዋለን እኮ! ጣቱን እኔ ላይ ቀሰረ።

ተነሣሁና «የራሴን ልበል ጌታዬ?» አልኩ።

«የራስሽን ማን ጠየቀሽ? የመጽሐፉን!»

«እሱ የሰው ነው» አልኩ።

ሳቀ። የኔታን አየኋቸው። «በዪው» ቢሉኝ እንደ ውሃ አወርደው ነበር። እሳቸው መሬት መሬት አዩ። ተቆጣጣሪው «ተማሪዎቹ አንዲት ስንኝ አልያዙም» ብሎ ጽፎ ወጣ።

እንባም አልመጣልኝ። የኔታም አልተቆጡ። ዳይሬክተሩ አዝነውላቸው ዕቃ ቤቱን ሰጧቸው፣ በሳምንቱ ገብተው ተቀመጡ። አዲሱ አስተማሪ ግጥሙን በጩኸት ሲያስደግመን ደገምን፤ ፈተናውንም አለፍኩ።

ይኸው እኔም አስተማሪ ሆኜ መካነ ኢየሱስ ከተማ እንግሊዝኛ ሳስተምር ሦስት ዓመቴ። ባለፈው ሚያዝያ እኔም ላይ ተቆጣጣሪ መጣ። ልጆቼ የመጽሐፉን ግጥም እንደ ደቦ አጫጅ በአንድ ድምፅ ለቀቁት። የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ደስ ይለኛል ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ የለም። ትምህርት ሲዘጋ ንፋስ መውጫ ሄጄ ዕቃ ቤቱ ገባሁ። የኔታ የተሰበረ አግዳሚ ላይ ሚስማር ይመታሉ።

«የኔታ፣ ያን ቀን ለምን በዪው አላሉኝም?»

መዶሻውን አላቆሙም። «ብልሽ ትይው ነበር?»

«አዎ!»

«እንግዲያ! ዓመት ሙሉ ያስተማርኩሽን በአንድ ቃል ላፍርሰው?»

ሌላ ነገር ይጨምራሉ ብዬ ቆምኩ። ሚስማሩን መትተው ጨረሱና ቀና አሉ።

«አስተማሪ ሆነሻል አሉኝ። ያንቺዎቹስ፣ የራሳቸውን ይላሉ?»

«ይላሉ» አልኩ። ውሸት ከአፌ እንዴት እንደቀለለች!

ፊታቸው በራ። መዶሻውን አስቀምጠው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና፣ «እስቲ አንዱን ንገሪኝ ልጄ» አሉ፤ እንደዚያን ጊዜ ሁሉ ጆሯቸውን አዘንብለው ጠበቁኝ።