የዘይነባ ኮሌጅ

የጠመኔ ብናኝ በሸተተኝ ቁጥር እህቴ ዘይነባ ትዝ ትለኛለች። ልጅ ሳለሁ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን እንኖር ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘይነባ የጎረቤት ልጆችን ጣሪያው ላይ ሰብስባ፣ ጥቁሩን የውሃ ታንከር ሰሌዳ አድርጋ ታስተምረን ነበር። ሳሙና ሳሙና የሚሸተውን የተሰጣ አንሶላ እየገለጥን ነበር ሰሌዳውን የምናየው። በስዋሂሊ ትጀምራለች፣ በአማርኛ ትቆጣናለች፣ በእንግሊዝኛ ትጨርሳለች። ማካፈል የገባኝ እዚያ ነው። መምህርት ከመሆን ሌላ ሕልም አልነበራትም።

ፎርም ፎርን፣ የሁለተኛ ደረጃን የመጨረሻ ክፍል፣ ስትጨርስ ከናይሮቢ ውጪ ያለ የመምህራን ኮሌጅ ተቀበላት። ኢስሊ ሰፈር ጨርቅ ይነግድ የነበረው አባቴ ግን «ልጄ ከቤቷ ርቃ አታድርም፤ ኮሌጅ እዚሁ ሞልቷል» አለ። መሃል ከተማ አንድ ተገኘላት። ሄደን ልናየው ባልንበት ሳምንት ዘይነባን ታይፎይድ ጣላት። ምዝገባው ሊያልቅ ስለነበር አባቴ እኔን ይዞ ሊሄድ ተነሣ። እሱ እንግሊዝኛ አያነብም፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።

ልንወጣ ስንል ዘይነባ ከተኛችበት እጄን ያዘችኝ። እጇ ይፋጃል።

«ሰሚራ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ። ኮሌጁ መንግሥት ዘንድ ተመዝግቧል ወይ? ወረቀቱን አሳዩን በያቸው። እሺ?»

«እሺ» አልኳት።

ኮሌጁ ከጫማ መደብር በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ምንጣፉ ቀይ፣ ግድግዳው የተመራቂዎች ፎቶ ብቻ። የተቀበለችን ሴት ብስኩት ሰጠችኝና «እንግሊዝኛሽ እንዴት ያምራል!» አለችኝ። አባቴ በኩራት ፈገግ ሲል አየሁት።

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» አለኝ በአማርኛ። «የቀረሽ ካለ ጠይቂያት።»

ጥያቄው ምላሴ ላይ ነበር። ያሞገሰችኝን ሴት ሌባ ነሽ የማለት ያህል መሰለኝና አፈርኩ። «ሁሉንም ጠይቄያለሁ፣ አባ» አልኩት። የምዝገባውን ወረቀት ፈረመ።

ቤት ስንደርስ ዘይነባ ትራስ ተደግፋ ትጠብቀን ነበር።

«ጠየቅሻት?»

«አዎ። ተመዝግቧል።»

ስባ ግንባሬን ሳመችኝ።

ሁለት ዓመት ተማረች። ስትመረቅ አባቴ በግ አረደ። ከዚያ ለሥራ ያመለከተችበት ትምህርት ቤት ዲፕሎማዋን መለሰላት፤ ኮሌጁ ያልተመዘገበ ስለሆነ በእሱ ወረቀት የማስተማር ፈቃድ አይገኝም አሏት። አባቴ ወደ ሕንጻው ሮጦ ሲደርስ ኮሌጁ የነበረበት ቤት የልብስ ስፌት ሆኗል። ዘይነባ አላለቀሰችም። አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብላ አየችኝ። በማግስቱ ከአባቴ ጋር ሱቅ ዋለች፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ናት። አባቴ «እኔ ነኝ የከለከልኳት» እያለ ሞተ። የእኔን አላወቀም። እኔም አልነገርኩትም።

ዛሬ ኮሌጅ መመዝገቡን ከስልክ ላይ ማየት ይቻላል፤ ሻይ እስኪቀዳ እንኳ አይፈጅም። ባለፈው ወር የዘይነባ ልጅ መምህርት መሆን እፈልጋለሁ አለች። እናቷ መነጽሯን አድርጋ የኮሌጆቹን ስም አንድ በአንድ ስታጣራ ደረስኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አምጪ፣ እኔ ላንብብልሽ» አልኳት።

ስልኩን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

«ተይው የኔ እህት» አለችኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ይህን እኔው ራሴ አየዋለሁ።»