የመስከረም ብስክሌት

ድሬዳዋ ሳለሁ ብስክሌት መንዳት የሚያምረኝ ሙቀቱ ጋብ በሚልበት በታኅሣሥና በጥር ነበር። ለሥራ ባሕር ዳር ስመጣ ግን ያገኘሁት ሁሉ «መስከረምን ጠብቅ፤ ዝናቡ ሲያባራ ሐይቁ ዳር መንዳት ነው!» አለኝ። ጠበቅሁ።

በመስከረም የመጀመሪያ ጧት ብስክሌቴን ይዤ ስወጣ ጭጋጉ ከጣና ላይ ገና አልተነሣም። በመንገዱ ዳርና ዳር ክረምት ያሳደገው ሣር ወገብ ይደርሳል፤ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ድንገት ከኋላዬ የብስክሌት ሰንሰለት ሲንሿሿ ሰማሁ። ስፈጥን ይፈጥናል፤ ስታጠፍ ይታጠፋል። «ቁም» የሚለኝ የለም፤ የሚሰማኝ ከባድ ትንፋሽ ብቻ ነው። ቀማኛ ነው ብዬ ፔዳሉን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥሁ።

እንደ ምንም ዞር ስል ጎረቤቴ ጋሽ አያሌው ናቸው! እሳቸው ደግሞ መንገድ ላይ ካገኙኝ ከብስክሌታቸው ወርደው የእናቴን ጤና፣ የድሬዳዋን ሙቀት ሳይጠይቁ አያልፉም። እፎይ ብዬ ወረድሁና ኮፍያዬን አውልቄ እጅ ነሣሁ።

«እንዴት አደሩ፣ ጋሽ አያሌው?»

ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ በአጠገቤ ሽው ብለው አለፉ። ከጭጋጉ ውስጥ ድምፃቸው ብቻ መጣ።

«ሰላምታው ይደርሳል፣ ልጄ! ጉማሬው ከኋላህ ነው!»