ሮዚና እና የገናው አሳማ

«እኔ ነኝ ያገማሁት? እኔ? ይንገሩኛ! ቀኑን ሙሉ ጨው ሳሽ የዋልኩት ሴትዮ?»

ሮዚና ናት የምትጮኸው። ኩሽናው በር ላይ ቆማ፣ በአንድ እጇ የሥጋውን በርሜል ክዳን አንጠልጥላ፣ በሌላው የሽርጧን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ደፍናለች። ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ነገር አረፋ አለው። ቀለሙ ባይነገር ይሻላል።

የባሏ አባት ሽማግሌው ጎትሎብ ወይ ፍንክች። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው የውሎ ደብተራቸውን ይጽፋሉ። እሳቸው ደግሞ እንደ ሰው ዝም ብለው አይጽፉም። ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ የብዕሩን ጫፍ ይልሳሉ፣ ከዚያ እያንዳንዷን ቃል ጮክ ብለው እየጠሩ ነው የሚጽፉት። ግቢ ውስጥ ያለው ዶሮ ሳይቀር ምን እንደተጻፈ ይሰማል።

«እህም! አሥራ ስምንት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ፣ የገና ማግስት። ሙቀት። ቀይዋ ላም ወተት ቀነሰች። እህም! የበርሜሉ ሥጋ ገማ። ምራቴ ጨው ቆጥባበት።»

«እሱን ይሰርዙት!»

«ደብተር አይሰረዝም።»

«‹ሙቀት› ብለው ራስዎ ጽፈው የለም እንዴ? ያው እዚያው ላይ!»

«ሙቀቱ የእግዜር ነው። ጨው የሴት ነው።»

ባሏ ትራውጎት ጥግ ላይ ጫማውን እያሰረ ነው። ያን ጫማ ማሰር ከጀመረ ቆይቷል።

«አንተስ? ምላስ የለህም?» አለችው።

ቀና ብሎ አባቱን አየ፣ እሷን አየ። «እኔ እንኳ ሥጋ ብዙም አልወድም» አለ።

«ወይ ወንድ!»

ሮዚና ቅምጥል ሆና አይደለም። ወላጆቿ ከጀርመኖቹ አገር ከሲሌዥያ ወደዚህ ወደ አውስትራሊያ ሲመጡ መርከብ ላይ ነው የተወለደችው፤ «ይቺ ልጅ መጀመሪያ ያሸተተችው የመርከብ ሆድ ዕቃ ነው፣ ከእንግዲህ ምንም አይቀፋትም» እየተባለች አደገች። ላም ምጥ ሲጠናባት እጇን እስከ ብብቷ ከትታ ጥጃ ጎትታ ታወጣለች። የጎትሎብ ሚስት ቤያተ አልጋ ላይ ወድቀው ገላቸው ሲቆስል ያጠበቻቸው እሷ ናት፣ አንድ ቀን ፊቷን ሳታጨማድድ። ያ በሽታ ነው፤ ማንም አልመረጠውም። ሰው ወዶና ፈቅዶ ያገማውን፣ ያውም አግምቶ በሌላ የሚያላክከውን ስታይ ግን ቋቅ ይላታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎትሎብ አባትም ደብተር ነበራቸው፤ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጎን ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ባሕር ተሻግሯል። በየዓመቱ የገና ሳምንት ላይ «አሳማ ታረደ» ይላል። ይላላ! እዚያ አገር ገና በረዶ ነው፤ ሬሳ ቢያስቀምጡ እስከ ፋሲካ አይሸትም። እዚህ ግን ብርዱ የሚገባው በሰኔ ነው፤ ገና ሲመጣ ውሻው ምላሱን ጎልጉሎ ጥላ ፍለጋ ይንከራተታል። ሽማግሎቹ መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ስንዴውንም በአባቶቻቸው ደብተር ዘርተውት ፀሐይ ለበለበው። ጦማቸውን ካደሩ በኋላ ለስንዴው ተማሩ። ለአሳማው ግን እምቢ። «ጌታ የተወለደው በሰኔ ነው እንዴ?» ይላሉ ጎትሎብ። ስለዚህ ሮዘንባህ መንደር ውስጥ በየቤቱ በገና ይታረዳል፣ በየቤቱ ይገማል፣ በየደብተሩ አንዲት ሴት ትጻፋለች።

መጻፉ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከገና በስድስተኛው ቀን፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ መንደርተኛው አንድ ቤት ይሰበሰብና አባወራዎቹ ተራ በተራ ዓመቱን ያነባሉ። ቤያተ አንዴ «ጨው ቆጥባበት» ተብለው ተነበቡ፤ ከዚያ ወዲያ ስማቸው «ጨው አልባዋ» ሆኖ ቀረ። ሠርግ ሲደገስ ለድስት አይጠሯቸውም፣ ሽንኩርት መክተፍ ነው። ቀብራቸው ላይ እንኳ አንዱ «ምስኪን ጨው አልባዋ» ሲል ሮዚና በጆሮዋ ሰምታለች። ዘንድሮ ተረኛው የጎትሎብ ቤት ነው። የሮዚና እናት ይመጣሉ፣ አክስቶቿ ይመጣሉ። ስሟ በገዛ ጠረጴዛዋ ላይ ሊሞት ነው።

ጎትሎብ ከሳህናቸው ከዚያው አሳማ የተሠራ ቋሊማ አነሱ። ቆዳው እንደ ዝንብ ጀርባ አረንጓዴ ያበራል። ላዩ ላይ እንደ ገብስ ፍሬ የነጣ ነገር ይንፏቀቃል። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ለቀም ለቀም አርገው በመስኮት ለዶሮዎቹ ወረወሩት፣ ቋሊማውን ገመጡት፣ ያንኑ አውራ ጣት ላስ አርገው የደብተሩን ገጽ ገለጡ።

«ጣዕሙ እንዳለ ነው» አሉ እያላመጡ።

ሮዚና ሮጣ ወጥታ በሩ ሥር ተፋች። አፏን ጠርጋ ስትመለስ ድምጿ ዝግ ብሏል፤ ትራውጎት የፈራው ይሄኔ ነው።

«እሺ። ጥቁሩ አሳማ አለ አይደል? ነገ ይረዱት። ጨውም በእጅዎ ይሹት። እኔ አጠገቡ አልደርስም።» ከዚያ አገጯን ደረቷ ላይ ጣለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ድምጿን አወፈረች፣ ልክ እሳቸውን። «‹እህም! ጨው በራሴ እጅ። እህም! ምራቴ አልነካችውም!› ብለው ይጻፉ።»

ትራውጎት ሳቅ አመለጠውና ወደ ጫማው ተደፋ።

«ከዚያስ?» አሉ ሽማግሌው።

«ዋዜማው ዕለት ታፋው እንግዳው ሁሉ ፊት ይቆረጣል። ንጹሕ ከሆነ ያቺን ‹ጨው ቆጥባበት› ያሏትን መስመር ቆሜ በገዛ አፌ አነባታለሁ። ጨው አልባዋ ይበሉኝ። አንዲት ትል ከተገኘች ግን ‹ያገማሁት እኔ ነኝ› ብለው ከሥሩ ይጽፋሉ፣ ጮክ ብለውም ያነባሉ። አሳማም ከእንግዲህ በሰኔ ይታረዳል።»

«አንዲት ትል?»

«አንዲት።»

«ከራስሽ ላይ ብትወድቅስ?»

«ሻሽ አስራለሁ!»

እጇን ዘረጋች። ጨበጧት። ጨብጣቸው ስታበቃ በቀጥታ ወደ ውሃው ጉድጓድ ሄዳ እጇን በአሸዋ ፈተገችው።

ጥቁሩ አሳማ በማግስቱ ታረደ። ጎትሎብ የቤቱን ጨው ጨርሰው የጎረቤት ተበደሩ፣ ታፋው ላይ ከመሩበት።

«ሥጋ ነው የባሕር ዳርቻ?» አለች ሮዚና በሩቁ።

«ዝም በይ አንቺ፣ እንዳትነኪ ተባብለናል!»

«ምላሴ መች ነካው?»

ታፋው በጨርቅ ተጠቅልሎ ጭስ ቤቱ ውስጥ ተሰቀለ፤ እስከ ዋዜማው ማንም ላይገልጠው ተማማሉ። ሽማግሌው ግን ከበሩ አልላቀቅ አሉ። በዚያ ንዳድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይዘው ዝንብ ያባርራሉ፣ እንቅልፍ ሲጥላቸው ዝንቡ ጺማቸው ውስጥ ይሰፍራል፣ ሲነቁ እንደገና ያባርራሉ። ደብተሩንም እዚያው ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው «እህም! ሥጋው ደህና። ዝንብ የለም» እያሉ ሲጽፉ፣ አንዱ ዝንብ በእርጥቡ ቀለም ላይ ተራምዶ ዱካውን ጥሎ ሄደ። ሮዚና ከአጥሩ ማዶ አይታ አንገፈገፋት። ትሉ ባሰ ወይስ ውሸቱ?

ከዋዜማው በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የወተት ባልዲዋን ይዛ በጭስ ቤቱ በኩል ስታልፍ አፍንጫዋ ቆም አደረጋት። ሽታ አለ። ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ። ደስ ሊላት ሲል ሌላ ነገር ትዝ አላት፤ ትራውጎት የበርሜሉን ግም ሥጋ እዚሁ ከጭስ ቤቱ ጀርባ ነው የቀበረው፣ ያውም የሱ አቀባበር አፈር ማልበስ ነው እንጂ መቅበር አይደለም። ሽታው ከታፋው ይሁን ከጉድጓዱ፣ ያ ከመርከብ ጀምሮ የተመሰገነ አፍንጫዋ አልለይ አላት። ከታፋው ካልሆነ ነገ ቆማ አንባቢዋ እሷ ናት። ከታፋው ከሆነም፣ ሸተተኝ ካለች ሽማግሌው በሌሊት ትሉን ለቅመው ይጨርሱታል።

«ምን ገተረሽ?» አሉ ጎትሎብ። «ሸተተሽ እንዴ?»

«እኔን? ምንም። እርስዎንስ?»

«እኔን? እህም! የጭስ ሽታ ብቻ።»

«እሳቱ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ የለም?»

«የድሮ ጭስ ነው።»

«እንግዲያው በሩን እንክፈተዋ፣ ትንሽ ይናፈስ።»

«ይከፈት! ማን ፈራ?»

በሩ ተከፈተ። ሙቀቱ ወጥቶ ፊታቸው ላይ ተኛ። ጨርቁ እንደተጠቀለለ ተንጠልጥሏል፣ ዙሪያውን እዝዝዝ ይላል። የጎትሎብ ዓይን እንባ አቀረረ። የሮዚና እጅ ወደ ሽርጧ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ። አፍንጫውን ቀድሞ የያዘ፣ ያው ገማ ብሎ እንደመሰከረ ነው።

«ላሞቹን ማን ሊያልብ ነው?» ብሎ ትራውጎት ከበረቱ ተጣራ።

ሁለቱም አንዳቸው የሌላውን እጅ ይጠብቃሉ።

«ነገ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ።

«ነገ ነው» አለች ሮዚና፣ በአፏ እየተነፈሰች።