መምህሬ ገልብጦ ያቀረበው የረግረግ ጭቃ

ዛሬ ጅማ ላይ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት መምህሬን አፉን አስያዝኩት።

የቡ ከተማ አጠገብ ካለው ረግረግ ጭቃውን ንብርብር በንብርብር ያወጣሁት፣ ውስጡ የቀረውን የጥንት አበባ ብናኝ በማይክሮስኮፕ የለየሁት እኔ ነኝ። እሱ ስሜን ከጥናቱ ፍቆ የራሱ ሥራ አድርጎ አቀረበው።

ግን የንብርብሮቹን ቅደም ተከተል የሚያሳየውን ሥዕል የላዩን ወደ ታች ገልብጦታል። ጠዋት ፕሮጀክተር ሲሞክር አይቼ ዝም አልኩ። (ክፋት ነው፣ አውቃለሁ።)

"አካባቢው መጀመሪያ ሣር ነበር፣ ኋላ ደን ሆነ" ሲል እጄን አወጣሁ።

"መምህር፣ የቆየው ንብርብር የታችኛው አይደል?"

"አዎ።"

"የዛፎቹን ብናኝ ያወጣሁት ከጉድጓዱ ግርጌ ነው። ደኑ ነው የቀደመው። እርስዎ እዚያ አልነበሩም።"

ፕሮጀክተሩን አጥፍቶ ከመድረኩ ወረደ። ወላሂ አላዘንኩለትም።

ስንወጣ "ለምን ጠዋት አልነገርሽኝም?" አለኝ።

"ስሜን ሲፍቁ ነግረውኛል?"

ልፋታችሁን በስሙ ያቀረበባችሁ አለ? ምን አደረጋችሁት?